ቀዳዳ ፍለጋ

እህቴ መዲና ከኮምቦልቻ ደውላ፣
«ሥራህ ምንድን ነው?» ትላለች፣ ወሬዋን ሁሉ ጠቅልላ።
«ባዶ ነው የምንሠራው» አልኳት አንድ ማታ፤
ሳቀች፣ ሳለች፣ ቆየች፣ ስልኳን ይዛ ላፍታ።
«ባዶ እዚህ መች ጠፋ፣ በየጓዳው ሞልቶ!
ለባዶ ይሄዳል ሰው ቀዬውን ትቶ?»
አልመለስኩላትም። ባዶም ዓይነት አለው፤
እዚህ አል ኾር ያለው በላብ የሚመጣ ነው።

አዳራሹ ነጭ ነው፣ መስኮት የለው ጭራሽ፤
ውጭው ሻማል ነፋስ፣ አሸዋ ለባሽ።
ሦስት በር አልፈን፣ ሦስቴ ጫማ ቀይረን፣
ፀጉራችንን ደብቀን፣ ትንፋሻችንን ቆጥረን
እንገባለን። አንዲት ፍሬ አሸዋ ሾልካ ብትገባ
የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ።

መሐሉ ላይ ያለው ዕቃ
ዘጠኝ ቅል አፍ ለአፍ ገጥሞ የተኛ ይመስላል፤
ኒዮቢየም ነው፣ ውስጡ ከመስታወት ይለሰልሳል።
አንድ ቀን በዚህ ሆድ ኤሌክትሮን ይጋልባል፤
አንዲት የአየር ቅንጣት ከፊቱ ብትቆም ይደናቀፋል።

ቅሉ ከጃፓን፣ ቫልቩ ከጣልያን፣ ፓምፑ ከሕንድ አገር፤
ሂሊየሙ የዚሁ ነው፣ ከባሕሩ ወለል ሥር
ከጋዙ ጋር ተስቦ ራስ ላፋን ላይ የሚነጠር።
አራት ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ አራት ማኅተም፣ አንድ ውል፤
ገጽ ሰባት ላይ «ይተባበራሉ» ይላል።
ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ብሎን ላይ ሲደርስ
ኦጋዋ «ሃያ ይበቃል» ሲል፣ ማርቴላ «ሠላሳ ይድረስ»፣
ራጉናታን አንገቱን እየነቀነቀ ሠንጠረዥ ሲያስስ፣
ኑራ፣ የኛ ኃላፊ፣ ሰዓቷን አየች ሦስቴ፤
እኔ ቀለበቱን ይዤ ቆሜ ላብ ሞላ በጓንቴ።

በዘጠነኛው ሌሊት ፓምፑ ጮኸ፣ ቁጥሩ ቆመ፤
አልወርድ አለ። ሁሉም በየቋንቋው አጉረመረመ።
«ቫልቩ ነው» አለ ኦጋዋ፣ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ፤
«ብየዳው ነው» አለች ማርቴላ፣ እጇ ካፏ ቀድሞ መጥቶ፤
ሕንዱም «ፓምፔን አትንኩ» አለ። ዓለም በአንዲት ቀዳዳ
ለአራት ተከፈለች፣ ውሉ ተኝቶ ከጓዳ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝ። እኔ ግን ቧንቧ በያጅ ነኝ፤
አሥራ አንድ ዓመት ራስ ላፋን፣ ጋዝ ሲያፏጭ ያስተማረኝ።
ቀዳዳ ወገን የለውም፣ የማንም ዜጋ አይደለም፤
ይፈለጋል እንጂ ቀዳዳ አይከሰስም።

ሂሊየም በቀጭን ቱቦ እየነፋሁ ዞርኩ፣ ስፌት በስፌት፤
ቫልቩ ጋ መሣሪያው ዝም። ብየዳው ጋ ዝም። እንደ ሌሊት።
ሠላሳ ሁለተኛው ብሎን ሥር፣ ተንበርክኬ ሳልፍ፣
ጢጥ አለ። ተመለስኩ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ፣ በያንዳንዱ እፍ።

ፈታነው። መዳብ ቀለበቱ ላይ አንዲት ጭረት፣
ከፀጉር የቀጠነች። ያን ቀን፣ እነሱ በቁጥር ሲሟገቱበት፣
ከእጄ አዳልጣ ጠርዙን የነካች ናት።
ዞረው አዩኝ። «የኔ ናት» አልኩ በአማርኛ፣
ከዚያ በዓረብኛ፣ ከዚያ በተሰበረ እንግሊዝኛ።

ማንም አልተቆጣ። ኦጋዋ ከሻንጣው አዲስ ቀለበት አወጣ፣
ማርቴላ መብራት ያዘችልኝ፣ ሕንዱ ቁልፍ ይዞ መጣ፤
«ሃያ አምስት» አለች ኑራ፣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ተቀምጣ።

ንጋት ላይ ነፋሱ በርዶ ወደ ወደቡ ወረድኩ።
አንድ ሽማግሌ የጀልባውን ስፌት በጥጥና በዘይት ሲደፍን አየሁ፤
በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ።
እሱ ባሕሩን ከውጭ ሊያስቀር፣ እኛ አየሩን።
ሰላም አልኩት። ቀና አላለም። ሥራ ላይ ነበር።

ስልኬ ላይ ከመዲና መልእክት፦ «ባዶው ደረሰልህ ወይ?»
ከነጥቡ ወዲያ ዘጠኝ ዜሮ ተሰልፏል ብላት ይገባት ይሆን ወይ?
«ደረሰ» ብዬ ጻፍኩ። ደግሞ አጠፋሁት።
«አንዱ ደረሰ» አልኳት። «ሰባት ዕቃ ይቀራል።»